ኮሪያ ያለው ጉጉት

ይህ ገጠመኝ የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ እቤት በዋልኩበት ሰሞን ነው። ዲላ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ሙያዬን የጠቀስኩት ልኮራበት ብዬ አይደለም፤ ወደ ታች ስትወርዱ ለምን እንደጠቀስኩት ይገባችኋል። ባለቤቴ ወይንሸት እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህን ታሪክ ሳታወራ አትውልም። በእሷ አፍ ስሜ ከሚጠፋ እኔው ራሴ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ስለ ጠቡ ልንገራችሁ።

ግቢያችን ውስጥ አባቴ የተከለው የአቮካዶ ዛፍ አለ። አባቴ ለሥራ ከጎጃም መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር። ቤቱን ሠርቶ እንደጨረሰ አጥሩ ጥግ የተከለው ይህን ዛፍ ነው። እሱ ካረፈ ቆይቷል። ዛፉ ግን ጊዜ ሲያገኝ አጥሩን ተሻግሮ የጎረቤታችንን ጣሪያ ግማሹን ሸፈነው።

ጎረቤታችን ጂግሶ ይባላል። በቡና ወቅት ኢዲዶ በሚገኝ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ይሠራል። የታጠበው ቡና በሽቦ ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ ጥራቱን የሚቆጣጠረው እሱ ነው፤ ከውጭ የሚመጡ ገዢዎችንም ያስጎበኛል። ወቅቱ ሲያልፍ ሞተር ሳይክሉን ያቆምና እንደ እኔው እቤት ይውላል። ለዓመታት ጥሩ ጎረቤታሞች ነበርን። በዓል ሲሆን አንዳችን ሌላውን ሳንጠራ ቀርተን አናውቅም።

ታዲያ ጂግሶ እናቱን እማማ ብርቄን ወርቃ ከሚባል ገጠር አመጣቸው። አርጅተዋል፤ የደም ግፊትም አለባቸው። የተሰጣቸው ክፍል ደግሞ ልክ ከአቮካዶው ትልቅ ቅርንጫፍ ሥር ነው። ወርቃ ያለው የድሮ ቤታቸው የሣር ክዳን ነው፤ ምንም ነገር ቢወድቅበት ድምፅ የለውም። የእኛ ሰፈር ግን ቆርቆሮ ነው።

ጂግሶ መጀመሪያ በትህትና ነበር የመጣው። "መምህር፣ ፍሬው ሲወድቅ እናቴ ትደነግጣለች። አንድ ነገር ብናደርግ" አለኝ። እኔም "ነፋስ ሲበዛ ነው፣ ያልፋል" ብዬ ሸኘሁት። ሁለተኛ ሲመጣ በአጥር ላይ ተጯጯህን። እሱ ይቆረጥ አለ። እኔ ደግሞ አባቴን ከመቃብር አውጥታችሁ ግረፉት አልኩ። ሽማግሌዎች ገቡበት፤ አልሰማ አልኩ። በመጨረሻ ጉዳዩ ቀበሌ ደረሰና ሰኞ መጥተው አይተው ይወስናሉ ተባለ።

እውነቱን ለመናገር፣ የእናቱን ነገር አላመንኩትም። ቅጠሉ ግቢውን ስለሚያቆሽሽበት እናቱን ሰበብ አደረገ ብዬ ነው የደመደምኩት። ከዚያ ወዲያ ሰላምታም ቀረ። መንገድ ላይ ስንተላለፍ ሁለታችንም አንገታችንን ደፍተን ስልካችንን እናያለን።

የኢንተርኔቱ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

በስልኬ የምከታተለው አንድ ቻናል አለ። ሥራው ኢንተርኔት ላይ ያሉ ጉድ ጉድ ነገሮችን እየለቀመ ማምጣት ነው። የከፈተው የዲላ ልጅ ነው ይባላል፤ ተከታዮቹም ባብዛኛው የከተማችን ሰዎች ናቸው። አንድ ቀን መንገድ ላይ የወደቁ ነጠላ ጓንቶችን ፎቶ ብቻ የሚሰበስብ ሰው ገጽ ያመጣል። ሌላ ቀን ስትነካት ከመጮህ በቀር ምንም የማትሠራ ላም ያለችበትን። አንዴ ደግሞ ካርታ ላይ የዝናብ ጠብታ ስትጥል በየትኛው ወንዝ አድርጋ ባሕር እንደምትገባ የሚያሳይ ገጽ አመጣ። እኔ ዲላ ላይ ጣልኩ። ጠብታዬ ባሕር ሳታይ አባያ ሐይቅ ገብታ ቀረች። ወይንሸት "እንዳንተው ነች፣ ከዚህ ርቃ አትሄድም" አለችኝ።

አንድ ቀን ቻናሉ የፐዝል ገጽ አመጣ። የተቆራረጠ ሥዕል ስክሪኑ ላይ ተበትኖ ይመጣል። የማይተዋወቁ ሰዎች ከያሉበት ሆነው በአንድ ጠረጴዛ ላይ አብረው ይገጣጥሙታል። ስምና አገር መጠያየቅ ክልክል ነው። ገጹ ራሱ ለእያንዳንዱ ሰው የእንስሳ ስም ያወጣለታል። እኔ ዔሊ ሆንኩ።

ሥዕሉ የባሕር ወደብ ነበር። ጀልባዎቹና ቤቶቹ በአንድ ቀን አለቁ። የቀረው ሰማይ ነው፤ ሁሉም ቁራጭ ሰማያዊ። መጀመሪያ ላይ ጠረጴዛው ዙሪያ ጥንቸል፣ ቀጭኔ፣ ምናምን ነበር። ሰማዩን ሲያዩ አንድ በአንድ ሾልከው ጠፉ። የቀረነው እኔና ጉጉት ብቻ ነን።

ጉጉቱ የሚገርም ሰው ነው። ለእኔ አንድ ዓይነት የሚመስሉኝን ሰማያዊዎች እሱ ለይቶ በየፈርጁ ይደረድራቸዋል። አይቸኩልም። እኔ ስሳሳት ቁራጩን በቀስታ አንስቶ ወደ ጎን ያደርግልኛል፣ ምንም አይልም። እኔ ደግሞ በክፍል ውስጥ ስጮህ የምውል ሰው ነኝና ይህ ዝምታው ደስ አለኝ። ማታ ማታ እራት እስኪቀርብ ድረስ አብሬው መቀመጥ ለመድኩ።

ጥግ ላይ አጭር መልእክት መጻጻፊያ አለ። የምንጻጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚህ በአማርኛ ላስቀምጠው። አንድ ምሽት "እናንተ ጋ ስንት ሰዓት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ሰዓቴን አየሁና "አንድ ሰዓት" ብዬ ጻፍኩ። እሱም "እኛ ጋ ሰባት ነው" አለ።

አያችሁ፣ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። አላስችል አለኝ። የስድስት ሰዓት ልዩነት፣ በሰዓት አሥራ አምስት ዲግሪ፣ ከዲላ ወደ ምሥራቅ። ካርታዬን ዘርግቼ ጣቴን ሳሳርፍ ኮሪያ ላይ ዐረፈ። ወይንሸትን ጠርቼ "ጓደኛዬ ኮሪያዊ ነው!" አልኳት። እሷ በአማርኛ የተተረጎመ የኮሪያ ድራማ ስለምትከታተል በጣም ደስ አላት።

"ወንድ መሆኑን በምን አወቅህ?" አለችኝ።

አላወቅሁም። ከዚያን ቀን ጀምሮ "ኮሪያዊትህ ዛሬ አልመጣችም?" እያለች መውጫ መግቢያ አሳጣችኝ። አንዳንዴ ደግሞ ፊቷን ኮስተር አድርጋ "ጉጉት ነው ያልከኝ? ጉጉት መቼ ጥሩ ወሬ ይዞ መጥቶ ያውቃል" ትለኛለች።

ጉጉቱ ሌላም ነገር ነግሮኛል። ሥራው ከቡና ጋር የተያያዘ ነው። ገዢ መሆን አለበት አልኩ፤ ኮሪያኖች የይርጋጨፌን ቡና እንደሚወዱ ሰምቻለሁ። እኔም አስተማሪ መሆኔን፣ አገሬ ዝናባም እንደሆነና ቡና በየጓሮው እንደሚበቅል ነገርኩት። ሁልጊዜ ሲሰናበተኝ "መልካም ከሰዓት" ይለኛል። በመሸ ሰዓት እንዲህ ሲለኝ ይደንቀኛል፤ ኮሪያ ውስጥ ጨዋ ሰው እንዲህ ነው የሚሰናበተው ብዬ ተውኩት።

እንዲህ እያልን እሑድ ደረሰ። በማግሥቱ የቀበሌ ሰዎች የሚመጡበት ቀን ነው። ቀኑን ሙሉ ዛፉን ቀና ብዬ እያየሁ ስብሰለሰል ዋልኩ። ሲመሽ እንደ ልማዴ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጥኩ። እጄ ግን አልሠራ አለኝ። የማስቀምጠው ቁራጭ ሁሉ ስህተት ነው።

ጉጉቱ ገባው። "ዛሬ ደህና አይደለህም?" ብሎ ጻፈልኝ።

ሩቅ ላለ ሰው መናገር ቀላል ነው። ኮሪያ ሄዶ ማን ያሳጣኛል ብዬ ዘረገፍኩት። "ጎረቤቴ አባቴ የተከለውን ዛፍ ሊያስቆርጥብኝ ነው። ነገ ባለሥልጣን ይዞ ይመጣል" አልኩት።

"ዛፉ ምን አደረገው?" አለኝ።

"ፍሬው ጣሪያው ላይ ሲወድቅ እናቴን ያስደነግጣታል ይላል። ሰበብ ነው" አልኩ።

መጻፍ ሲጀምር የምትታየው ምልክት ትመጣለች፣ ትጠፋለች፣ እንደገና ትመጣለች። ብዙ ቆየ። እንግሊዝኛ ቸገረው መሰለኝ። በመጨረሻ እንዲህ የሚል መጣ፦ "ሰበብ መሆኑን በምን አወቅህ? እናትየዋን ሄደህ አይተሃታል?"

ኮሪያ ያለ ሰው በእኔ ግቢ ጉዳይ ምን አገባው ብዬ ተናደድኩ። "አላየኋትም" ብዬ ጻፍኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ።

ወዲያው መጣ፦ "ዛፉ አቮካዶ ነው?"

አቮካዶ የሚል ቃል አልጻፍኩም። ወደ ላይ አንብቤ አረጋገጥኩ። ዛፍ ነው ያልኩት እንጂ የምን ዛፍ እንደሆነ አልተናገርኩም። ወይንሸትን ልጠራ አፌን ስከፍት መብራት ድርግም አለ። ዋይፋዩም አብሮ ሄደ፣ ጉጉቱም ከነጥያቄው ጠፋ።

ሰፈሩ ጨለማ ሲሆን የሰው ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ከአጥሩ ማዶ "ኤጭ! አሁን ነበር መሄጃሽ?" ሲል ሰማሁ። የጂግሶ ድምፅ ነው። ከዚያ፦

"መምህር!"

"አቤት" አልኩ፣ እንደማንነጋገር ትዝ ሳይለኝ።

"ዔሊው አንተ ነህ እንዴ?"

"ጉጉቱስ?" አልኩ፣ ቀስ ብዬ።

"እኔ ነኛ!"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ወይንሸት ናት በደንብ የምትተርከው። እኔ የማስታውሰው ሁለታችንም የስልካችንን መብራት አብርተን የውጭ በር ላይ መገናኘታችንን ነው። ከተጣላን ወዲህ ፊት ለፊት ተያይተን አናውቅም ነበር። እኔ "ኮሪያ ነህ ብዬ እኮ..." ስል እሱ "እኔ ደግሞ አንተን ብራዚል አድርጌህ!" አለና ሳቁን ለቀቀው። እኔም ተከተልኩት። ወይንሸት በረንዳው ላይ ቆማ "ኮሪያዊቷ ይቺ ናት?" ብላ ስትጮህ ሳቃችን ባሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የጻፍኩት በእኛ ሰዓት ነው፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት። እሱ ከውጭ ገዢዎች ጋር መጻጻፍ ስለለመደ በፈረንጅ ሰዓት ነው የጻፈው፤ ሰባት። ሁለቱም ያው ናቸው። ይህን የዲላ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። እኔ በየዓመቱ ስለ ሰዓት ልዩነት የማስተምረው ሰውዬ ግን ከአጥር ማዶ ያለውን ጎረቤቴን ባሕር አሻግሬ ኮሪያ አስቀመጥኩት። እሱም በተራው ለእኔ ቀን መስሎት "መልካም ከሰዓት" ሲለኝ ከረመ። ሁለታችንም አንድ ጠረጴዛ ላይ መገኘታችንም ተአምር አልነበረም፤ እሱም እንደ እኔ ያንኑ ቻናል ይከታተላል፣ ሁለታችንም የነካነው ያንኑ ሊንክ ነው።

ሳቁ በረደ። ቅድም የጻፍኩት ነገር መሃላችን አለ።

"ሰበብ አልነበረም፣ መምህር" አለኝ ጂግሶ። "እኔስ ዛፍ ቁረጡ ማለት ደስ ብሎኝ ነው? የጌዴኦ ልጅ እኮ ነኝ። እኛ ዘንድ ዛፍ ያለ ምክንያት አይነካም። ለቀበሌ ሳመለክት እንኳን ቃሉ ከአፌ አልወጣ ብሎኝ ነበር።"

"እማማ ብርቄ አልተኙም?" አልኩት።

"መቼ ትተኛለች።"

ይዞኝ ገባ። እማማ ብርቄ በሻማ ብርሃን አልጋቸው ላይ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። በጣም ትንሽ ሴት ናቸው። ጂግሶ በጌዴኦኛ ማን እንደሆንኩ ነገራቸው። እጄን ይዘው ሳሙኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ። ስለ ዛፉ አንድም ቃል አልተነፈሱም። እማማ ብርቄ አማርኛ በትልቅነታቸው የለመዱ ናቸውና ወንዱንም ሴቱንም "አንቺ" ነው የሚሉት። ውስጤ ዘና እያለ መጣ። እሺ፣ ደህና ናቸው እኮ ማለት ጀመርኩ።

ያኔ ነው የወደቀው።

እንዴት ብዬ ልግለጸው? ግቢዬ ሆኜ ሁልጊዜ የምሰማው ድምፅ ነው፤ ከሩቅ "ዷ" ይላል፣ አለቀ። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ጣሪያው የተደረመሰ ነው የመሰለኝ። ኮርኒስ እንኳን የለውም፤ ቆርቆሮው ራሳችን ላይ ነው። ከመቀመጫዬ ዘልዬ ተነሣሁ። ሻማው ተደፍቶ ጠፋ።

በጨለማው ውስጥ ደረቅ ትንሽ እጅ ክንዴን ፈልጎ ያዘኝ። እጁ ይንቀጠቀጣል።

"አይዞሽ፣ ልጄ" አሉኝ እማማ ብርቄ። "አይዞሽ። አቮካዶ ነው።"

እሳቸው እየተንቀጠቀጡ እኔን ያጽናናሉ። ሌላ ሽማግሌም ሆነ ቀበሌ አላስፈለገኝም። ጂግሶ ክብሪት እስኪፈልግ ድረስ በጨለማው ውስጥ ዓይኔን በእጄ ጠረግሁ። "ነገ ይቆረጣል" አልኩ። "ሙሉውን።"

"ሙሉውን ማን አለህ?" አለኝ ጂግሶ። "ከመጀመሪያም ያልኩህ እናቴ ጣሪያ ላይ ያለውን ቅርንጫፍ ነው። ሳታስጨርሰኝ መጮህ ጀመርክ እንጂ።"

እንደዚያ ብሎኝ ነበር? አሁን ሳስበው ይቆረጥ ሲለኝ ሌላውን ቃል ሁሉ አልሰማሁትም።

ሰኞ የቀበሌ ሰዎች ሲመጡ እኔ ዛፉ ላይ ነኝ፣ መጋዝ ይዤ። ጂግሶ ከሥር በገመድ ቅርንጫፉን ይስባል። አንዱ ሰውዬ ፋይሉን በብብቱ እንደያዘ "የተጣሉት ሁለቱ የት አሉ?" ብሎ ጠየቀ። ወይንሸት "አንዱ ላይ ነው፣ አንዱ ታች ነው" ብላ አቮካዶ አሸክማ ሸኘቻቸው።

ቅርንጫፉ ሲወርድ አላለቀስኩም ብል ውሸት ነው። አባቴን አስታወስኩት። ግን አባቴ እማማ ብርቄን ቢያውቃቸው ከእኔ ቀድሞ ይወጣ ነበር፤ ይህን እርግጠኛ ነኝ።

በዚያው ሳምንት እማማ ብርቄ በልጃቸው ተደግፈው ግቢያችን መጡ። ጂግሶ የዋንዛ ችግኝ ይዟል። እሳቸው ባደጉበት አገር ዛፍ የቆረጠ ሰው መልሶ ይተክላል። "በኔ ምክንያት ነው የተቆረጠው፤ እኔ እተክላለሁ" አሉ። እኔ ቶሎ ብዬ መቆፈሪያ አመጣሁና አጥሩ ጥግ፣ ከአቮካዶው ጎን ልቆፍር ስል ከለከሉኝ።

ግቢው መካከል ቆሙ። የእኛን ጣሪያ አዩ። ዞረው የራሳቸውን አዩ። ከዚያ ወደ በሩ፣ ልጆች ወደሚጫወቱበት። ጥቂት እርምጃ ሄደው ቆም አሉና በተረከዛቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ።

"እዚህ ነው" አሉኝ። "እዚህ ቢወድቅ ማንም አይደነግጥም።"

ችግኙ አሁን ጉልበቴ ደርሷል። ከጂግሶ ጋር ሰማዩን ጨርሰን ሌላ ፐዝል ጀምረናል፤ ግን አሁን በአንድ ስልክ ነው፣ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለን፣ እየተጨቃጨቅን። ሰዎች በኮሪያው ነገር ቢስቁብኝም ደስ ይለኛል። ሰዓቱን ባልሳሳት ኖሮ ለጂግሶ የልቤን አልነግረውም ነበር።

ጠዋት ጠዋት ችግኙን ውኃ ሳጠጣ አቮካዶውን ቀና ብዬ አየዋለሁ። በተቆረጠው በኩል ሰማይ ይታያል፣ ከሰማዩ ሥር ደግሞ የእማማ ብርቄ ጣሪያ። ያን ያህል ዘመን ከዚያ ዛፍ ሥር ቆሜ ያንን ጣሪያ አይቼው አላውቅም ነበር። አሁን ወይንሸት ከቤት ሆና ስትጣራ እንኳን ጮክ ብዬ አቤት አልልም። እማማ ብርቄ ተኝተው ይሆናል ብዬ ቤት እስክደርስ ድረስ ዝም እላለሁ።